ያውቁ ኖሯል? ባሕር ዳር ላይ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል
ባሕር ዳር ዳርቻው ላይ ያለችበት ጣና ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ይህን ከተረፈ ሴለሪ ጋር ምን አገናኘው?

ሴለሪ 95 በመቶው ውኃ ስለሆነ ቶሎ ይጠወልጋል። ፍሪዘር ውስጥ ለወራት ለማቆየት ግንዱን ከትፎ በሚንተከተክ ውኃ 3 ደቂቃ ቀቀል ማድረግ፣ ወዲያው በበረዶ ውኃ ማብረድና ማጠንፈፍ ነው። ሙቀቱ ቀለሙንና ጣዕሙን የሚያበላሹትን ኢንዛይሞች ያስቆማል። ባሕር ዳር ላይ የፈላ ውኃ ግን እንደ ቆላው አይግልምና 1 ደቂቃ ይጨምሩ።

ፍሪዘር ውስጥ የቆየ ሴለሪ ለሰላጣ አይሆንም፤ ሕዋሳቱ ስለሚፈነዱ ይልፈሰፈሳል። ለሾርባና ለወጥ ግን ማን ይለየዋል?

ቅጠሉንስ? ብዙዎች ይጥሉታል፤ እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ጣዕም ያለው እሱ ጋ ነው። እንደ በሶብላ ነፋሻ ጥላ ስር በንጹሕ ጨርቅ ላይ ያስጡት፤ ሲነኩት ፍርክስ ካለ በደረቅ ጠርሙስ ይክደኑት። በክረምት ግን አይሞክሩት፤ የዝናቡ እርጥበት ሳይደርቅ ያሻግተዋል።