ካቶሊክ አያታችን ሲያርፉ፦ ከመርዶ እስከ ሙት ዓመት

አያታችሁ ካቶሊክ ነበሩ። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ያስቀድሳሉ፣ ፍልሰታን ይጾማሉ፣ ገናን የሚያከብሩት ታኅሣሥ 29 ነው። ቅዳሴያቸው በግዕዝና በአማርኛ ሲሆን ከበሮና ጸናጽል አለው። ትራሳቸው ሥር ግን ዐሥር ዐሥር ፍሬ በአምስት ዙር የተሰካበት መቁጠሪያ ነበር፤ ግድግዳቸው ላይም የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ውጭ አገር ላደጋችሁ የልጅ ልጆች እነዚህ ነገሮች አንድ ላይ አልገጥም ይሏችኋል። አንዳንዶቻችሁ ኦርቶዶክስ ይመስሏችሁ ነበር፤ ሌሎቻችሁ ደግሞ ከጎረቤታችሁ ጣልያናዊት አሮጊት ጋር አንድ አድርጋችሁ ታዩአቸው ነበር። በሕይወት እያሉ ነገሩን መለየት አላስፈለገም ይሆናል። ሲያርፉ ግን ቄስ መጥራት፣ ቀን መቁጠር፣ መደገስ አለና ጥያቄው ይመጣል።

መጀመሪያ ዘመድ የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ አያታችን ግዕዝ ናቸው ወይስ ላቲን? በኢትዮጵያ ሁለቱም የካቶሊክ ሥርዓቶች አሉ። አመጣጣቸው ይለያያል፤ ለምን እንደሚለያይ ለማወቅ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ይጠይቃል።

ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክነትን በይፋ ተቀበሉ። ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን የአገሩን ሥርዓትና ልማድ ሊለውጡ ሲነሡ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ ንጉሡም በ1632 ሃይማኖቱን ወደ ነበረበት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። «የፈረንጅ ሃይማኖት» የሚለው ጥርጣሬ ከዚያ ዘመን የቀረ ነው፤ አያታችሁም በልጅነታቸው ሳይሰሙት አልቀሩም። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በ1839 ዐድዋ የገቡት ጣልያናዊው ካህን ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ግን ሌላ መንገድ ያዙ። ቋንቋውን ተማሩ፣ እንደ አገሩ ሰው ለበሱ፣ የግዕዙን ሥርዓት ተቀብለው ኖሩ፤ ሕዝቡም አቡነ ያዕቆብ ብሎ ጠራቸው። የጎጃሙ መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል በእሳቸው አማካይነት ካቶሊክ ሆኑ፤ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በእስር ተንገላተው በ1855 ዐረፉ። አቡነ ያዕቆብም በ1860 መንገድ ላይ እንዳሉ ዐረፉ፤ መቃብራቸው ኤርትራ ውስጥ ሄቦ ነው። በ1975 ቅድስናቸው ታወጀ። በደቡብና በምዕራብ በኩል ደግሞ ካፑቺኑ አቡነ ማስያስ በላቲን ሥርዓት አስተማሩ።

ስለዚህ አያታችሁ ከዓዲግራት፣ ከኢሮብ፣ ከኤርትራ ወይም ከጉራጌ እምድብር ወገን ከሆኑ ግዕዝ የመሆናቸው ዕድል ሰፊ ነው። ወላይታ፣ ከምባታ፣ ነቀምቴ ወይም ሐረር ከሆኑ ደግሞ ላቲን ሳይሆኑ አይቀሩም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሩ ሕዝብ 0.7 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ እንዲህ ትንሽ በመሆኑ ጎረቤቱ፣ አማቹ፣ ዕድሩ ሁሉ የሌላ እምነት ሰው ነው፤ ለቅሶውም የሁሉም ነው።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ይህን የማታውቁ ልጆች «ለምን ደበቁኝ?» ብላችሁ የምትቀየሙት በዚህ ነው። አገር ቤት ሰው ሲሞት እዚህ ያሉ ወዳጆች ተጠራርተው፣ ማልደው፣ ወደ ሥራ ሳትወጡ በራችሁን ያንኳኳሉ። ስድስት ሰው ጎሕ ሲቀድ በር ላይ ካያችሁ ነገሩ ያኔ ይገባችኋል። አሁን አሁን ፌስቡክ ከሽማግሌዎቹ እየቀደመ ልማዱ እየተበላሸ ነው፤ እኔ በበኩሌ የአሮጌው ወገን ነኝ። ሰው የእናቱን ሞት ባቡር ውስጥ ብቻውን ቆሞ ከስክሪን ማንበብ የለበትም።

ከዚያ ቤቱ የለቅሶ ቤት ይሆናል። አገር ቤት ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ድስት ያመጣል፤ ንፍሮ ይቀቀላል። ውጭ አገር ሳሎኑ ወይም የተከራያችሁት አዳራሽ ድንኳኑን ይተካል። የአያታችሁ ትልቅ ፎቶ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ያዘቀዝቃሉ። ለቀስተኛው «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብሎ ይቀመጣል፤ ብዙ እንዲናገር አይጠበቅም፣ እናንተም ወሬ መፍጠር የለባችሁም። ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥ እዚህ ሙሉ ማስተዛዘን ነው።

ሙሾ የሚያወርዱ እናቶች ከመጡ አታስቁሟቸው። ካህናት ደረት መምታትንና ፊት መንጨትን ሲከለክሉ ኖረዋል፤ ልክም ናቸው። ሙሾው ግን ሌላ ነገር ነው። አያታችሁ የት እንደ ተወለዱ፣ ስንት ልጅ ቀብረው ስንቱን እንዳሳደጉ፣ በክፉ ቀን ማንን እንዳበሉ የሚነገረው በዚያ ነው። የልጅ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰሙትም ብዙውን ጊዜ ያኔ ነው። ቋንቋው ካመለጣችሁ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ፤ ነውር አይደለም።

በቀብሩ ዕለት የሕይወት ታሪክ ይነበባል። «አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ» ተብሎ ሥራው ለእናንተ ሳይሰጥ አይቀርም። መልኩ የታወቀ ነው፦ ከአባታቸው ከእገሌ ከእናታቸው ከእገሊት በዚህ ዓመት ተወለዱ፣ ከእገሌ ጋር ተጋቡ፣ ይህን ያህል ወልደው ይህን ያህል የልጅ ልጅ አዩ። ደረቅ ቢመስላችሁም አትናቁት፤ በተለይ የአባትና የእናት ስም ሳይሳሳት ይጻፍ፤ ከሩቅ የመጣ ዘመድ የሚያዳምጠው እሱን ነው። ከዚያ በተረፈ ቦታ የራሳችሁን ጨምሩ፦ ከሌሊቱ በአሥራ አንድ ሰዓት ለጸሎት ይነሡ እንደ ነበር፣ የሲስተሮቹ ክሊኒክ ልጅ ይዘው ስንት ሰዓት በእግር ይሄዱ እንደ ነበር።

ቀብሩ ሲያልቅ ዋናው ሥራ ገና ነው። በእኛ ዘንድ ሟችን ማስታወስ ለሟች የሚደረግ ነገር ነው፤ ቀንም አለው። በግዕዝ ሥርዓት ቄሱ ፍትሐት ያደርሳሉ፤ ከዚያ ሦስተኛው ቀን፣ ዐርባው፣ ሙት ዓመቱ ይታሰባል። ሰባተኛውን፣ ዐሥራ ሁለተኛውን፣ ሠላሳውን፣ ሰማንያውንና መንፈቁን የሚያስቡም አሉ። ሦስተኛው ቀን የጌታን ትንሣኤ፣ ዐርባው ዕርገቱን ያስታውሳል። ኦርቶዶክስ ዘመዶቻችሁ የሚቆጥሩትም ይህንኑ ነው። የላቲን ሥርዓት ቤተሰብም ቢሆን ዐርባን ሲያስብ ብትመለከቱ አትገረሙ፤ የአገሩ ልማድ ነው። የሁለተኛው ቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 የምሥራቅ ካቶሊኮች ሥርዓታቸውን ጠብቀው እንዲይዙ ነግሯቸዋልና የግዕዙን ሥርዓት መያዝ ከካቶሊክነት መጉደል አይደለም።

የምትሄዱበት የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ከሆነም መንገድ አለ። ለነፍሳቸው ቅዳሴ እንዲቀደስ ስማቸውን አስመዝግቡ። ኖቬምበር በላቲኑ ዘንድ የሙታን ወር ነው፤ የመታሰቢያቸው ዋና ቀን ኖቬምበር 2፣ በእኛ ጥቅምት 23 አካባቢ ይውላል።

ዐርባው ላይ ተዝካር ይደገሳል። ቀኑ ጾም ላይ ከዋለ ምግቡ የጾም ነው፤ አያታችሁ በዐቢይ ጾም ክትፎ ቀርቦ ቢያዩ ምን እንደሚሉ ታውቃላችሁ። ተዝካር ድሮ ብዙ ቤት ያደኸየ ነገር ነው፤ ሰው ለሟች ብሎ ተበድሮ ለዓመታት ዕዳ ሲከፍል ኖሯል። አዳራሽ ተከራይቶ ለሦስት መቶ ሰው መደገስ የግድ አይደለም። ጠንከር ያለው ግዴታ ነዳያንን ማብላት ነው፤ ያላችሁበት ከተማ ውስጥ ለተቸገረ የሚያበላ ቤት ካለ ምግቡን ወደዚያ ውሰዱ።

ሙት ዓመቱን የምትቆጥሩት በኢትዮጵያ ቀን ነው። ያረፉበትን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ስልካችሁ ላይ ብትመዘግቡ ትሳሳታላችሁ፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነች ቁጥር ከመስከረም እስከ የካቲት ያለው ቀን በአንድ ይዛነፋልና። ሁለቱንም ጻፉ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ፍትሐት የሚያደርሱት ቄስ የሚጠይቋችሁ ስም ፓስፖርት ላይ ያለውን አይደለም፤ የክርስትና ስማቸውን ነው። ወለተ ማርያም ወይም ወለተ ሥላሴ ሊሆን ይችላል፤ ቴሬዛ ወይም አጋታም ሊሆን ይችላል። አክስቶቻችሁን ጠይቁ። እነሱም ካላወቁት አያታችሁ የተጠመቁበትን ቁምስና ፈልጉ፤ የካቶሊክ ቁምስና የጥምቀት መዝገብ ይይዛል። መዝገቡ ከተገኘ የተጠመቁበት ቀንና የክርስትና እናታቸው ስምም አብሮ ይወጣል፤ የሕይወት ታሪኩ ላይ «በግምት» ተብሎ የታለፈውን የልደት ዓመትም በዚያው ታስተካክላላችሁ።