ትንሹ ቶርኖ ኤሌክትሮኒክ ይገባዋልን?

ብረት ከሚበጅባቸው መሣሪያዎች መካከል ቶርኖ የበኵርነቱን ስፍራ ይዞ የኖረው፣ ሌሎቹ መሣሪያዎች የሚቆሙበትን ዘንግ፣ ብሎን፣ የኩሽኔታ መቀመጫና ክብ የሆነውን አካል ሁሉ የሚያስገኘው እርሱ በመሆኑ ነው። ሥራው በቃል ሲነገር አጭር ነው፤ የሚቀረጸው ብረት በመንጋጋ ተነክሶ ከዋናው ዘንግ ጋር ይዞራል፤ ስለቱ ግን ሳይዞር በሠረገላው ላይ ታስሮ በአልጋው ርዝመት ይሄዳል፣ ወደ ብረቱም ይቀርባል ወይም ከእርሱ ይርቃል፤ ከእነዚህ ከሁለቱ እንቅስቃሴዎች ስምምነትም ቀጥ ያለ ዘንግ፣ ሾጣጣ አፍ ወይም የብሎን ጥርስ ይወለዳል። በጋራዥ ጥግ ወይም በጠባብ የቶርኖ ቤት ውስጥ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትንሹ ቶርኖም ከትልቁ የሚያንሰው በክብደቱና በጕልበቱ እንጂ በሥርዐቱ አይደለም።

ይህን ሥርዐት ዛሬ በምናውቀው መልክ ያጸናው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞድስሌይ ሲሆን፣ እርሱም እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1800 ገደማ፣ ስለቱን በሠራተኛው እጅ ፈንታ ብረት እንዲይዘው የሚያደርገውን ተንሸራታች፣ ሠረገላውን የሚጐትተውን ጥርሳም መሪ ዘንግና ሁለቱን ዘንጎች የሚያቈራኙትን ተለዋዋጭ ማርሾች በአንድ መሣሪያ ላይ አዋሕዶ፣ የብሎን ጥርስ በእጅ ብልኀት ሳይሆን በመሣሪያው ምጣኔ የሚቈረጥበትን ዘመን ከፈተ። በሥራ ቤቱ ስለ ልኬት ክርክር ሲነሣ ፍርድ ይሰጥ የነበረው ማይክሮሜትሩ፣ በእንግሊዝ አገር በታላቁ ዳኛ ማዕርግ፣ ሎርድ ቻንስለር ይባል ነበር፤ ከዚያ ፍርድ በኋላ ይግባኝ አልነበረምና። ከሞድስሌይ 150 ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1952፣ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በተበሳሳ የወረቀት ሪባን ላይ በሰፈረ ቍጥር የሚመራ ፍሬዛ ተሠርቶ ታየ፤ ዛሬ ሲ.ኤን.ሲ. የምንለው የመሣሪያ ትውልድ የተነሣው ከዚያ ነው።

ያን ጊዜ ከመሣሪያው ከራሱ የበለጠ ስፍራ ይይዝ የነበረው መቆጣጠሪያ ዛሬ በመዳፍ ላይ የሚያርፍ ሰሌዳ ስለ ሆነ፣ ትንሽ ቶርኖ ያለው ሰው ሁሉ፣ ሞተርና ሰሌዳ ገዝቶ መሣሪያውን ያድሰው ወይስ እንዳለ ይተወው እንደ ሆነ ከራሱ ጋር መምከሩ አይቀርም። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ብዙዎች የሚጀምሩት ከሰሌዳው ዋጋ ነው፣ መጀመር የሚገባው ግን ከብረቱ አካል ነው።

ኤሌክትሮኒክ ለቶርኖ ጽንዐት አይጨምርለትምና። አልጋው በስለቱ ግፊት የሚለምጥ፣ የዋናው ዘንግ ኩሽኔታ የላላ፣ የሠረገላው መንሸራተቻ የተበላ እንደ ሆነ፣ ሞተሩ ያንኑ ሕጸጽ በታማኝነት ከመድገም በቀር የሚያርመው ነገር የለም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት አስቀድሞ ምርመራ ይገባል። አንድ ወፍራም ክብ ብረት በመንጋጋው ነክሶ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ማስወጣት፣ በሁለቱ ዳር ቀለበት የሚመስል ስፍራ ትቶ መካከሉን ማጕደል፣ ከዚያም የስለቱን ጥልቀት ሳይለውጡ ሁለቱንም ቀለበቶች በስሱ መቍረጥና በማይክሮሜትር መለካት ነው። የሁለቱ ውፍረት እኩል ከሆነ ዋናው ዘንግና አልጋው ትይዩ ናቸው፤ ልዩነቱ ከ0.02 ሚሊ ሜትር የሚያልፍ ከሆነ ግን እኔ በበኩሌ ያን ቶርኖ መጀመሪያ አስተካክለው ነበር እንጂ ሽቦ አልዘረጋበትም። አልጋው ከሁሉ ይልቅ የሚበላው በመንጋጋው አጠገብ እንደ ሆነም መታወቅ አለበት፤ ሥራ የሚበዛው በዚያ ነውና፣ በተበላው ስፍራ ልክ የተጠበቀው ሠረገላ ወደ ሌላው ጫፍ ሲሄድ ይያዛል፣ የሚገፋው ሞተርም በዚያ ስፍራ እርምጃውን ይስታል።

ሁለተኛው ምርመራ የእጀታው ባዶ ዙር ነው። ዳያል ጌጅን በመግነጢስ መቆሚያው አልጋው ላይ ተክሎ ጫፉን በተንሸራታቹ ላይ ማሳረፍ፣ መርፌው እስኪነሣ ድረስ እጀታውን ወደ ፊት ማዞር፣ ቀጥሎም ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ያን ጊዜ እጀታው ይዞራል፣ የእጀታው ቍጥርም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት መሥመር ያልፋል፣ መርፌው ግን ዳዶው የጥርሱን ሌላ ገጽ እስኪያገኝ ድረስ ከቦታው አይነቃነቅም። ብዙ በሠራ ቶርኖ ላይ ይህ ክፍተት 0.2 ሚሊ ሜትር ቢደርስ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ስለቱ ወደ ብረቱ የሚገባው ልክ በውፍረቱ ላይ በእጥፍ ስለሚታይም፣ ስሕተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ለኩሽኔታ መቀመጫ ይህ ጥፋት ነው።

የሠለጠነ እጅ ይህን ክፍተት ያውቀዋል፤ ስለቱን ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ብቻ እያቀረበ፣ ያለፈ እንደ ሆነም ርቆ እየተመለሰ፣ ሕጸጹን በልማዱ ይሸፍነዋል። በቍጥር የሚመራው ሞተር ግን የታዘዘውን ያህል በመዞሩ ብቻ ስለቱ ከታዘዘው ቦታ እንደ ደረሰ ይቈጥረዋል። የክፍተቱን መጠን ለመቆጣጠሪያው አስቀድሞ መንገር ይቻላል፤ ሆኖም ስለቱ በመቍረጥ ኀይል ሲሳብ በዚያ ክፍተት ውስጥ እንዳይወላወል የሚከለክል ቍጥር የለም። ስለዚህ ሙሉውን ሲ.ኤን.ሲ. የሚሻ ሰው የነበሩትን ዘንጎች አውጥቶ፣ በዳዶው ውስጥ ኳሶች በሚሽከረከሩበት ዘንግ መተካት ግድ ይሆንበታል። ይህ ዘንግ ክፍተትን ከሞላ ጐደል ያጠፋል፣ ሰበቃንም እጅግ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ሰበቃው ስለቀነሰ ራሱን መያዝ ይተዋል፣ ሞተሩም ካልያዘው ስለቱ ሲገፋ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ስለዚህ በእጀታ መሥራት በቀድሞው እርጋታ አይመለስም። የስለቱን መደነዝና የብረቱን ጠንካራ ስፍራ በጣቱ ያውቅ የነበረ ሠራተኛ ያን ዕውቀቱን ሊጠቀምበት የሚችልበትን በር ያጣል፤ ይህን ኪሳራ ቀላል አድርጌ አላየውም።

በሁለቱ መካከል ግን ሌላ መንገድ አለ፣ እኔም ለትንሽ የቶርኖ ቤት ይህን አብልጬ እወዳለሁ፤ ኤሌክትሮኒክ መሪ ዘንግ ይባላል። በዋናው ዘንግ ላይ ዙሩን የሚቈጥር ኢንኮደር ይታሰራል፤ ተለዋዋጮቹ ማርሾች ይነሡና በምትካቸው መሪውን ዘንግ የሚያዞር ስቴፐር ሞተር ይገጠማል፤ በመካከል ያለው ሰሌዳም ዋናው ዘንግ ይህን ያህል ሲዞር መሪው ይህን ያህል ይዙር እያለ በየቅጽበቱ ያዝዛል። የተለመደው ስቴፐር ሞተር አንዱን ዙር በ200 እርምጃ ስለሚፈጽም፣ በአንድ ዙር 4 ሚሊ ሜትር በሚሄድ መሪ ዘንግ ላይ አንዱ እርምጃ 0.02 ሚሊ ሜትር ነው፤ እርምጃውንም ከፋፍሎ ማሳነስ ይቻላል። ጥርስ ሲቈረጥ ሠረገላው የሚጐተተው ወደ አንድ አቅጣጫ ስለ ሆነ፣ የአሮጌው መሪ ዘንግ ክፍተት እዚህ ላይ ብዙ አይጐዳም፤ የእጅ ተንሸራታቹም እንደ ነበረ ይቀራል።

ትርፉ የሚታየው በኢንች ልክ በተሠራ ቶርኖ የሚሊ ሜትር ጥርስ ለማውጣት ሲፈለግ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር በቢስተን ይሠራ የነበረው ዝነኛው ማይፎርድ ኤም.ኤል.7 መሪ ዘንጉ በአንድ ኢንች 8 ጥርስ፣ ማለት በዙር 3.175 ሚሊ ሜትር፣ የሚሄድ ነው። በዚህ ላይ የ1.5 ሚሊ ሜትር ጥርስ ለማውጣት የማርሾቹ ምጣኔ 60 ለ127 መሆን አለበት፤ 127 ደግሞ ከራሱና ከ1 በቀር በሌላ ቍጥር የማይከፈል ስለ ሆነ፣ 127 ጥርስ ያለውን ያንኑ ትልቅ ማርሽ ከማግኘት ወይም በተቀራራቢ ምጣኔ ከመታገሥ በስተቀር መውጫ የለም። ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው ለመዛወርም ሽፋኑን ከፍቶ፣ ዳዶውን ፈትቶ፣ ማርሾቹን እያገጣጠሙ እጅን በቅባት ማጥቈር አለ። ለሰሌዳው ግን 60 ለ127 እንደ ሌላው ቍጥር ሁሉ አንድ ቍጥር ነው፤ አዝራሩን መጫን ብቻ ይበቃዋል።

ሙሉው ሲ.ኤን.ሲ. የሚገባው አንዱን ዕቃ ደጋግሞ ለሚሠራ ቤት ነው። ዛሬ የወፍጮ ዘንግ፣ ነገ የውሃ ፓምፕ ቡሽ፣ ከነገ ወዲያ የተቈረጠ ፒን ለሚመጣበት ጠጋኝ ግን፣ ትእዛዙን ለመጻፍ የሚያጠፋው ጊዜ ዕቃውን በእጁ ከሚሠራበት ጊዜ ይበልጣል። ለእንዲህ ያለው ሰው ከሁሉ በፊት የምመክረው በተንሸራታቾቹ ላይ የሚታሰረውን የልኬት ማሳያ ነው፤ እርሱ የሚያነበው የእጀታውን ዙር ሳይሆን የተንሸራታቹን እውነተኛ ቦታ ስለ ሆነ፣ ባዶው ዙር አያታልለውም። ቀጥሎ ኤሌክትሮኒኩ መሪ ዘንግ ይምጣ።

መብራት በድንገት በሚጠፋበት ከተማ ለሚሠራ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ማርሽ ባለው ቶርኖ ኀይል ሲቋረጥ ብረቱና ሠረገላው የተቈራኙ ናቸውና አብረው ቀስ ብለው ይቆማሉ፣ የተጀመረውም ጥርስ አይበላሽም። በኤሌክትሮኒኩ ላይ ሰሌዳው ወዲያው ሲጠፋ ሠረገላው ይቆማል፣ ከባዱ መንጋጋ ግን በለመደው ጕልበት ጥቂት ይዞራል፣ ስለቱም በቆመበት ጥርሱን ዙሪያውን ይቈርጠዋል፤ ስለዚህ ለመቆጣጠሪያውና ለስቴፐር ሞተሩ መንጋጋው እስኪቆም ድረስ የሚያቈያቸው የመጠባበቂያ ባትሪ ያስፈልጋል፣ ሰሌዳውም የብረት ፍቅፋቂ በማይገባበት ዝግ ሣጥን ውስጥ መቀመጥ አለበት። የተነሡትን ማርሾች ዘይት ቀብቶ በተራቸው ማኖር ይገባል፤ ሰሌዳው የተቃጠለ እንደ ሆነ ሌላው ከውጭ እስኪመጣ ሳምንታት ይፈጃል፣ ማርሾቹ ግን በግማሽ ቀን ተመልሰው ይገጠማሉ።