ዐፄ ምኒልክ «ጥቁር አይደለሁም» ብለዋልን?



ስለ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከሚነገሩት ታሪኮች መካከል ወደ ውጭ አገር የሄደ ኢትዮጵያዊ ሳይዘገይ የሚገጥመው አንድ አለ። በኒውዮርክም ሆነ በኪንግስተን ወይም በለንደን ከጥቁር ወንድሞቹ ጋር ለጨዋታ በተቀመጠ ጊዜ፥ «ንጉሣችሁ እኔ ኔግሮ አይደለሁም ብለው የለምን? ታዲያ እናንተ ከእኛ ጋር ምን ዝምድና አላችሁ?» የሚል ጥያቄ ይቀርብለታል። ብዙው ሰው ነገሩን አስቀድሞ ሰምቶት ስለማያውቅ ወይ ይቆጣል፥ ወይ ያፍራል። ቁጣውም ሆነ እፍረቱ ነገሩን ከመረመሩ በኋላ ቢመጣ ይሻላልና የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ጉዳይ ይሆናል።

ቤኒቶ ሲልቬን የሚባል የሃይቲ ተወላጅ ነበር። ሕግ የተማረ፥ በፓሪስ ጋዜጣ ያቋቋመ፥ ስለ ጥቁር ሕዝብ ክብር የሚሟገት ሰው ነው። የአድዋ ድል ዜና በዓለም ላይ ከተሰማ በኋላ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ ከዚያም በኋላ ደጋግሞ ተመላልሷል። ዐፄ ምኒልክን ከተገናኘባቸው ጊዜያት በአንዱ፥ የጥቁርን ዘር ከፍ ለማድረግ ላሰበው ማኅበር የበላይ መሪ እንዲሆኑለት ለመናቸው ይባላል። ንጉሠ ነገሥቱም አሳቡን አመስግነው፥ መልካሙን ሁሉ ተመኝተው፥ ነገር ግን እርሳቸው ራሳቸው ኔግሮ ሳይሆኑ ከካውካሶስ ዘር ስለሆኑ የመጣበት ደጃፍ ትክክለኛው እንዳልሆነ ነገሩት ተብሎ ተጽፏል።

ይህን የጻፈልን ሮበርት ስኪነር ነው። ስኪነር የአሜሪካ መንግሥት የላከውን የመጀመሪያ መልእክተኛ ጓድ መርቶ በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. ከምኒልክ ጋር የንግድ ውል የተፈራረመ ሲሆን፥ ታሪኩን ያሳተመው በ1906 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጉዞ መጽሐፉ ነው። (በነገራችን ላይ፥ የጸደቀውን ውል በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ አዲስ አበባ ይዞ የመጣው ዊልያም ኤሊስ፥ ወላጆቹ በቴክሳስ ባሮች የነበሩ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ በአገሩ ግን እንደ ሜክሲኮ ሰው ሆኖ ይነግድና ይኖር ነበር። የዘር ስም በዚያ ዘመን እንደ ካፖርት የሚለበስና የሚወልቅ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አናገኝም።)

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በመሥሪያ ቤትዎ አንድ ደብዳቤ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲተረጐም ምን ያህል እንደሚለወጥ ያውቃሉ። እዚህ ላይ ሦስት ቋንቋዎች አሉ። ንጉሡ የሚናገሩት በአማርኛ ነው፤ ሲልቬን የሚናገረው በፈረንሳይኛ ነው፤ ስኪነር የጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ከንጉሡ አፍ የወጣው የአማርኛ ቃል ምን እንደነበረ መጽሐፉ አይነግረንም። በዚያን ጊዜ አማርኛ ደግሞ «ካውካሲያን» የሚል ቃል አልነበረውም። በእኛ ቋንቋ ቀይ፥ የቀይ ዳማ፥ ጠይም፥ ጥቁር የሚባለው የአንድ ሰው መልክ እንጂ የሕዝብ ስም አይደለም፤ ከአንድ እናት የተወለዱ ወንድማማቾች አንዱ ቀይ፥ አንዱ ጥቁር ሊባሉ ይችላሉ። «ዘር» ስንልም የትውልድ ሐረግን ማለታችን ነው። ምኒልክ ማንነታቸውን ሲገልጹ የሚያስቀድሙት ይህንኑ ነበር። ማኅተማቸው ከይሁዳ ነገድ የተገኘ አንበሳ መሆናቸውን ይናገራል፤ በ1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ ነገሥታት የላኩት ደብዳቤም አገራቸውን በአረመኔ ባሕር የተከበበች የክርስቲያን ደሴት ያደርጋታል። ስለ ቆዳ ቀለም የሚናገር ነገር በሁለቱም የለበትም።

ታዲያ አስተርጓሚው ለንጉሡ «ኔግሮ» የሚለውን ቃል ምን ብሎ ተረጐመው? በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ ለዚህ ቃል ቶሎ ወደ አፍ የሚመጣው «ባሪያ» ወይም «ሻንቅላ» ነበር። «የባሮች ማኅበር መሪ ይሁኑ» ተብሎ የተተረጐመለት ንጉሥ «እኔ ከእነርሱ አይደለሁም» ቢል የሚያስደንቅ አይሆንም። እንዲህ ሆኗል ብለን ልንምል አንችልም፤ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ለአእምሮ የሚቀርበው ይህ ይመስለናል።

ከዚህ ላይ ግን አንዳንድ ሰዎች እንደሚያደርጉት «እንግዲያው ነገሩ የአስተርጓሚ ስሕተት ነው» ብለን ደብተራችንን ልንዘጋ አይገባም። ባሪያና ጥቁር በአንድ ቃል የተጠሩት በአስተርጓሚው ጥፋት አይደለም። በዚያ ዘመን ከምዕራብና ከደቡብ ጠረፍ ሰዎች እየተማረኩ ይሸጡ ስለነበረ፥ የእነርሱ መልክ የባርነት ምልክት ሆኖ ተቈጥሮ ነው። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው፤ ቃሉ ግን ከአዋጁ በኋላ ዕድሜ አግኝቷል። ዛሬም ከጋምቤላ የመጣ ተማሪ በገዛ ዋና ከተማው በአዲስ አበባ «ከየት አገር ነህ?» ተብሎ በእንግሊዝኛ ይጠየቃል። ጠያቂው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ተጠያቂው ግን ምን እንደተባለ ገብቶታል።

«ካውካሲያን» የሚለው ስም ደግሞ የራሱ አስቂኝ ታሪክ አለው። ብሉመንባኽ የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ በ1795 እ.ኤ.አ. የሰውን ልጅ በአምስት ከፍሎ ሲሰይም፥ ከጆርጂያ የመጣ የአንዲት ሴት የራስ ቅል ከሁሉ ይልቅ ውብ መስሎ ስለታየው ነጮቹን በካውካሶስ ተራራ ስም ጠራቸው። ጥቁሮቹንስ ምን ብሎ ሰየማቸው? «ኢትዮጵያዊ» አላቸው! በዚህ ሊቅ መዝገብ መሠረት የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት «ካውካሲያን» ከሆኑ፥ ኢትዮጵያዊ ያልሆኑ ኢትዮጵያዊ ሊሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ ከአድዋ በኋላ ይህ ግራ መጋባት ለአውሮፓውያን ጠቅሟቸዋል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አንድ የነጭ ጦር በጥቁር ጦር ድል ሆነ፤ የዘር ትምህርታቸው ግን ይህ ሊሆን አይችልም ይል ነበር። ትምህርቱን ከመተው ይልቅ አሸናፊውን ነጭ ማድረግ ቀለላቸውና ብዙ ጸሐፊዎች ኢትዮጵያውያን ሴማውያን ናቸው፥ መልካቸው ብቻ ጠቁሯል ይሉ ጀመር። ሃሮልድ ማርከስ የተባለው የታሪክ ሊቅ በ1971 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ባሳተመው ጽሑፍ ነጭ ስለሆኑት ጥቁሮች በሚል ርእስ ተርኮታል። የስኪነርም መጽሐፍ የታተመው ይህ ወሬ ገበያ ባገኘበት ጊዜ ነው።

ሲልቬን ራሱ በነገሩ የተቀየመ አይመስልም። በ1900 እ.ኤ.አ. በለንደን የጥቁር ሕዝብ ጉባኤ በተደረገ ጊዜ የምኒልክ የክብር ባለሟል ነኝ ብሎ ተቀምጧል።

ክርክሩ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ዘመን አልቀረም። ማርከስ ጋርቬይ በስደታቸው ጊዜ ከጥቁር ሕዝብ ራሳቸውን አርቀዋል ብሎ ክፉኛ ወቅሷቸዋል። በዚያው ወራት ግን ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አሜሪካ የላኩት ዶክተር መላኩ በያን በ1937 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ የኢትዮጵያን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አቋቋመ። በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተማረና ጥቁር አሜሪካዊት ያገባ ሰው ነው። የማኅበሩ ጋዜጣ ጥቁር አሜሪካውያን «ኔግሮ» የሚለውን ስም ጥለው «ጥቁር» በሚለው እንዲጠሩ ይመክር ነበር። እንግዲህ «ኔግሮ አይደለሁም» ማለትና «ጥቁር አይደለሁም» ማለት አንድ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ከላይቤሪያ ጋር ሆና፥ በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ላይ ስለሚፈጸመው የዘር መድልዎ ደቡብ አፍሪካን በሄግ ፍርድ ቤት ከሰሰች። ፍርድ ቤቱ በሐምሌ 1958 ዓ.ም. ድምፁ እኩል ለእኩል ተከፍሎ በፕሬዚዳንቱ ድምፅ ክሱን ሳይቀበለው ቀረ።

በኮልፌ ቀራንዮ የምትኖሩ አንባብያን ከዚህ ክስ ጋር ዝምድና ያለው ታሪክ በሰፈራችሁ አለ። በ1954 ዓ.ም. በኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ጦር ሰፈር ኔልሰን ማንዴላ የወታደር ትምህርት ተምሯል። የበላዩ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ፤ እኒህ ሰው ራሳቸው በኋላ በትውልዳቸው ስም ብዙ የተባለባቸው ናቸው፥ ያ ግን ሌላ ንግግር ይጠይቃል። ማንዴላ በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፥ በዚያው ዓመት ወደ አዲስ አበባ ሲበር አብራሪው ጥቁር መሆኑን ባየ ጊዜ እንደደነገጠና ጥቁር ሰው እንዴት አውሮፕላን ያበራል ብሎ እንዳሰበ ሳይደብቅ ይናገራል። ጥቁር ወታደሮች በጥቁር ጄኔራሎች ሲታዘዙ ያየውም በዚህች ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። አገሩ በ1950 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ እያንዳንዱን ሰው በመዝገብ ላይ ነጭ፥ ክልስ ወይም የአገር ተወላጅ ብላ ትጽፍ ነበር። የኮልፌው ትምህርት ሳይፈጸም ጓደኞቹ አስጠርተውት ተመለሰ፤ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. በመንገድ ላይ ተይዞ ታሰረ።