የጉበትን የሐሞት ጨው አጓጓዥ ፕሮቲን የሚለዩ ፀረ እንግዳ አካላት እና ለታካሚ የሚያስፈልገው ምርመራ

ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ሕመም በብዙ የሀገራችን አካባቢዎች «የወፍ በሽታ» ይባላል። ከወፍ ጋር ግን ግንኙነት የለውም፤ ከመንስኤዎቹ አንዱ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ጉበትን ለይቶ የሚያጠቃበት ምክንያት ለረጅም ዓመታት ግልጽ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2012 በቤጂንግ የሚገኙ ተመራማሪዎች ዋናውን መልስ አገኙ።

ጉበት ቅባት እንዲፈጭ የሚረዳውን የሐሞት ጨው ያመርታል። ጨዉ በአንጀት ሥራውን ከፈጸመ በኋላ አብዛኛው በደም አማካይነት ወደ ጉበት ይመለሳል። ከደም ተቀብሎ ወደ ጉበት ሕዋስ በዋናነት የሚያስገባው በሕዋሱ ሽፋን ላይ የሚገኘው ኤንቲሲፒ የተባለ ፕሮቲን ነው። ሄፓታይተስ ቢም ወደ ሕዋሱ የሚገባው በዚሁ በር ነው።

ተመራማሪዎች ፕሮቲኑ በሕዋሱ ላይ መኖሩን ለማወቅ በላቦራቶሪ የተዘጋጁ ፀረ እንግዳ አካላትን፣ በተለምዶ አንቲቦዲ የሚባሉትን፣ ይጠቀማሉ። እነዚህ ከፕሮቲኑ ጋር ተጣብቀው በቀለም ወይም በብርሃን ያለበትን ቦታ ያሳያሉ። አንዳንዶቹ ሌላ ፕሮቲን ላይም ስለሚጣበቁ፣ ፕሮቲኑ ከሌለው ሕዋስ ጋር ሳይነጻጸር የተገኘ ውጤት አያስተማምንም። ሥራው የጉበት ሕዋስ ወይም ናሙና የሚፈልግ የምርምር ዘዴ እንጂ ሄፓታይተስ ቢን ለመለየት ለታካሚ የሚታዘዝ የደም ምርመራ አይደለም።

ስለሆነም በሁሩታ ከተማና በአካባቢዋ የሚኖር ማንኛውም ተገልጋይ በቅድሚያ የሚያስፈልገው ኤችቢኤስ አንቲጂን የተባለው የደም ምርመራ ነው። ብዙዎችን የሚያደናግረው የስሞቹ መመሳሰል ነው። ኤችቢኤስ አንቲጂን ፖዘቲቭ ከሆነ ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ከስድስት ወር በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ ይባላል። ኤችቢኤስ አንቲቦዲ ብቻውን ፖዘቲቭ ሲሆን ግን በአብዛኛው ሰውየው በክትባት ወይም ከበሽታው በመዳን መከላከያ እንዳገኘ ያመለክታል። ይህን ውጤት ይዞ መደንገጥ አይገባም።

አንቲጂን የተገኘበት ሰው ሕመም ባይሰማውም የጉበት ሥራና የቫይረስ መጠን ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ለዚህም ወደ አሰላ ወይም አዳማ ሪፈር ሊጻፍለት ይችላል። መድኃኒት የሚጀመረው በእነዚህ ውጤቶች መሠረት ስለሆነ ሁሉም ታካሚ ወዲያውኑ አይጀምርም። «ለወፍ» ተብለው የሚሰጡ አንዳንድ የዕፅዋት መጠጦች የታመመውን ጉበት ይበልጥ ሊጎዱት ይችላሉ።

ነፍሰ ጡር እናቶች በቅድመ ወሊድ ክትትል እንዲመረመሩ፣ ሕፃናትም በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው የሚሰጠውን፣ ሄፓታይተስ ቢን የሚከላከል ክትባት የያዘውን ፔንታቫለንት ሳያቋርጡ እንዲወስዱ ያስፈልጋል። ለሪፈር የሚሄድ ታካሚ የቀድሞ የምርመራ ውጤቶቹን በሙሉ ይዞ ይቅረብ።