የገባዖን ሰዎች ኪዳን፤ ኃያል ለታናሽ ስለሚምለው መሐላ

መጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 9 እና 10። የገባዖን ሰዎች ኢያሱ በኢያሪኮና በጋይ ያደረገውን በሰሙ ጊዜ ፈሩ። ያረጀ ስልቻና የተቀደደ አቁማዳ በአህያ ጭነው፥ የሻገተ እንጀራ ይዘው፥ ከሩቅ አገር መጣን ብለው ወደ ጌልገላ ወረዱ። አለቆቹም እግዚአብሔርን ሳይጠይቁ ማሉላቸው። ከ3 ቀን በኋላ ግን ጎረቤቶች እንደ ኾኑ ታወቀ።

ሐተታ፤ በተንኰል የተገኘ መሐላ ይጸናልን ቢሉ፥ ይጸናል። ምነው ቢሉ፥ የተማለው በገባዖን ሰዎች እውነተኛነት አይደለም፤ በእግዚአብሔር ስም ነውና። ሕዝቡ ቢያንጐራጕርም አለቆቹ እጃቸውን አላነሡባቸውም። ለሐሰታቸው ቅጣት እንጨት ቈራጭ፥ ውኃ ቀጂ ኾነው እንዲኖሩ ፈረዱባቸው፤ መሐላውን ግን አላፈረሱም።

ታናሽ ስንል ገባዖን መንደር ነበረች ማለት አይደለም። መጽሐፍ ከጋይ የምትበልጥ፥ ወንዶቿም ኃያላን የኾኑ ታላቅ ከተማ እንደ ነበረች ይመሰክራል። ታናሽነቷ ከኪዳኑ በኋላ ነው፤ የቀድሞ ወዳጆቿ ኹሉ ጠላት ኾነውባታልና። ይህን ብዙ አንባቢ ያልፈዋል። ከታላቅ ጋራ የተማማለ ታናሽ ጋሻ ያገኛል፤ በዚያው ቀን ግን የጎረቤቶቹን ቍጣ ይገዛል። ስለዚህም የኢየሩሳሌም ንጉሥ አዶኒጼዴቅ አራት ነገሥታት ጠርቶ የዘመተው በኢያሱ ላይ አይደለም፥ በገባዖን ላይ ነው።

ገባዖንም ድረስልን ብላ ላከች። ለኢያሱ ምክንያት አልጠፋውም ነበር። ጥቂት ቀን ቢዘገይ፥ ሕዝቡ የጠላው መሐላ ያለ እርሱ እጅ በፈረሰ ነበር። እርሱ ግን ሌሊቱን ኹሉ ሲገሠግሥ አድሮ በድንገት ደረሰ። ጌልገላ በዮርዳኖስ ቈላ በኢያሪኮ አጠገብ ናት፤ ገባዖን በደጋ ናት፤ መካከላቸውም 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዐቀበት ነው። በጦር ያደገ መኰንን የዚያን ሌሊት ድካም ያውቀዋል። በረድ የወረደው፥ ፀሐይም የቆመችው ከዚህ ጕዞ በኋላ ነው፤ ተአምራቱ መሐላውን ለጠበቀ ሠራዊት ተደረገ ማለት ነው።

ይህም ነገር በኋላ ዘመን ታይቶአል። በፈረንጆች ቍጥር በ1839 ዓ.ም. አምስት ኃያላን መንግሥታት የቤልጅግን ገለልተኛነት ሊጠብቁ በሎንዶን ተፈራረሙ። በ1914 ከአምስቱ አንዲቱ የነበረችው የፕሩሲያ ወራሽ ጀርመን ገብታ ወረረቻት፤ እንግሊዝ ግን ፊርማዋን አክብራ በዚያው ቀን ጦርነት ዐወጀች። ኢትዮጵያ ደግሞ በ1923 ወደ መንግሥታት ማኅበር ገብታ ነበር፤ የማኅበሩም ቃል ኪዳን 10ኛ አንቀጽ የእያንዳንዱን አገር ወሰን ኹሉም እንዲጠብቁ ያዝዛል። ኢጣልያ በ1935 በወረረቻት ጊዜ ማኅበሩ ወንጀለኛይቱን ለይቶ ፈረደባት፤ ንግዷንም በከፊል ከለከለ፤ ነዳጅ ዘይትን ግን አልከለከለም። ከማኅበሩም አንድ ስንኳ ሌሊት የገሠገሠ አልተገኘም።

ታናሹም በበኩሉ የሚጠራውን ይወቅ። አካዝ ረአሶንና ፋቁሔ በከበቡት ጊዜ ባሪያህ ነኝ፥ ልጅህ ነኝ ብሎ ወደ አሦር ንጉሥ ላከ፤ የቤተ መቅደሱንም ብርና ወርቅ ሰደደለት። ነገሥት ራብዕ ምዕራፍ 16 ይመልከቱ። አሦር መጣ፤ ደማስቆም በ732 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ወደቀች። ነገር ግን ይሁዳ ገባር ኾነች፤ በ701 ልጁን ሕዝቅያስን ሊያጠፋ የመጣውም ያው አሦር ነው። ኢያሱ መሐላ ሰጠ፥ አሦር ዋጋ ተቀበለ፤ ልዩነቱ ይህ ነው።

የገባዖን መሐላ ከኢያሱ ጋራ አልሞተም። ሳኦል ለእስራኤልና ለይሁዳ ቀንቶ ገባዖናውያንን ገደለ፤ ለወገኑ በጎ ያደረገ መስሎት ነው፥ ያም ዘመን የቀደሙት አለቆች ከሞቱ ብዙ ዓመት ኾኖታል። ዕዳው ግን በዳዊት ዘመን 3 ዓመት ረኃብ ኾኖ መጣ፤ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 21። ዳዊት ምን ላድርግላችሁ ቢላቸው ብርና ወርቅ አልፈለጉም። ከሳኦል ወገን ሰባት ሰዎች ተሰጡአቸው፥ በተራራም ላይ ሰቀሏቸው። የሁለቱ እናት ሪጽፋ ማቅ በዐለት ላይ አንጥፋ፥ ከመከር መዠመሪያ ዝናም እስኪዘንምባቸው ድረስ ቀን ወፎችን፥ ሌሊት አራዊትን ስትከለክል ኖረች። ዳዊትም ይህን ሰምቶ የሳኦልንና የዮናታንን ዐጥንት ከኢያቢስ ገለዓድ አስመጣ፤ የተሰቀሉትንም ዐጥንት ሰብስቦ፥ በቂስ መቃብር አስቀበረ።