ከኮምቦልቻ እስከ ዶሃ

ከቦሌ ተነስቶ ወደ ኮምቦልቻ ለሚያቀና አብራሪ መንዝ መንገዱ ላይ ነው። ካርታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ቢሰመር መርሐቤቴን በግራ፣ ጓሳን በቀኝ ትቶ ያልፋል። ኪው 400 የሚባለው ባለ ሁለት ሞተር የፕሮፔለር አውሮፕላን ይህን መንገድ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ከአዲስ አበባ በመኪና ወደ ቤቱ የሚሄደው፣ የመንዟ መሐል ሜዳ ሰው ግን ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በር፣ ሞላሌ እያለ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲገፋ ይውላል፤ ያውም መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን።

እንዲህ ባለ አገር «የእገሌ ልጅ አብራሪ ሆነ» የሚለው ወሬ ሠርግ ቤትም ለቅሶ ቤትም ይደርሳል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ ወሬ ይከተላል፤ «ለቆ ዶሃ ሊሄድ ነው አሉ።» ያኔ ሰው ለሁለት ይከፈላል። ገሚሱ «እሰይ፣ ይለፍለት» ይላል። ገሚሱ ደግሞ «ለወግ ለማዕረግ ያበቃውን ቤት ጥሎ?» እያለ ያማዋል። ሁለቱም ወገን የሚያወራው ስለ ደመወዝ ነው። እኔ ግን ከደመወዙ በፊት መታሰብ ያለበት ነገር አለ ባይ ነኝ፤ እሱም የግራው ወንበር ነው። በአውሮፕላን ውስጥ ካፒቴኑ የሚቀመጠው በግራ፣ ረዳት አብራሪው በቀኝ ነው። ከቀኝ ወደ ግራ ለመሻገር ዓመታት ይፈጃል። አሠሪ ልቀይር አልቀይር የሚል አብራሪ ሁሉ፣ ቢናገረውም ባይናገረውም፣ የሚያሰላው ያቺን ሽግግር ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ የሚያበሩት ቲደብሊውኤ የሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ሰዎች ነበሩ። ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። የአብራሪዎች ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1964 ተከፈተ። ድርጅቱ የውጭውን ሰው በገዛ ልጆቹ ለመተካት ብዙ ደክሟል፤ ስለዚህ ልጁ ለሌላ ቤት ሲሄድበት የሚሰማው ቁጭት የሒሳብ ሠራተኛ ቁጭት ብቻ አይደለም። አንድን ወጣት ከሴስና አውሮፕላን አንስቶ እስከ ሲሙሌተር ማድረስ እጅግ ውድ ነው፤ ወጪውን የሚችለው ድርጅቱ ነው። በምላሹ ወጣቱ ይህን ያህል ዓመት አገለግላለሁ ብሎ ይፈርማል።

በአገራችን እንዲህ ባሉ የሥልጠና ውሎች ላይ ዋስ መጥራት የተለመደ ነው። ዋሱ ማን ነው? ብዙ ጊዜ ቋሚ ደመወዝ ያለው አጎት ነው፤ መምህር ወይም የወረዳ ሠራተኛ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ማንኛውም የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ እንዲለቅ ይፈቅዳል። ከሥራው መውጣት ቀላል ነው፤ የሥልጠናው ዕዳ ግን አብሮ አይወጣም። ውሉን ሳይጨርስ የተሰወረ ልጅ አገር ቤት ትቶት የሚሄደው ሰው አለ። በዚህ ላይ የማወላውል አይደለሁም፤ የአጎቱን ደመወዝ አስይዞ የበረረ ሰው ዕዳውን ሳይከፍል ወይም በስምምነት ሳይዘጋ መሄድ የለበትም። ውሉን ከጨረሰ በኋላ ግን «ውለታ ቢስ» የሚለው ስም አያርፍበትም። ተቀብሏል፣ ከፍሏል።

አሁን ወደ ግራው ወንበር እንመለስ። በብዙ አየር መንገዶች ሁሉም ነገር በተራ ነው። ማን ወደ ትልቁ አውሮፕላን እንደሚያልፍ፣ ማን ቀድሞ ካፒቴን እንደሚሆን፣ ማን ፋሲካን ቤቱ እንደሚውል የሚወስነው የተቀጠረበት ቀን ነው። አብራሪዎቹ ሲኒየሪቲ ይሉታል። የመንዝ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ርስት በለው። ይሁንና የመንዝ ርስት እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ አገር ጥሎ የሄደን አይከዳም ነበር። ባለርስቱ ከብዙ ዓመት በኋላም ተመልሶ፣ ትውልዱን እስከ አቅኚው አባት ቆጥሮ «ድርሻዬን» ሊል ይችላል። የአብራሪ ተራ ግን በለቀቀበት ዕለት ይሞታል። አሥር ዓመት ያገለገለው ረዳት አብራሪ አዲስ ቤት ሲገባ ትናንት ከተቀጠረ ጎረምሳ ኋላ ይሰለፋል። ካፒቴን ከውጭ በቀጥታ የሚቀጥሩ አሉ፤ እነሱ የሚፈልጉት ግን ያንኑ ዓይነት ወይም የሚቀርበውን አውሮፕላን በካፒቴንነት ያበረረ ሰው ነው።

የአገር ውስጥ በራሪው የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። ኪው 400 ወደ አየር መንገዳችን የገባው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ሞተሮቹ እያንዳንዳቸው 5,000 የፈረስ ጉልበት ገደማ አላቸው፤ ሙሉ ጭነቱን ይዞ ሲነሳ 29 ቶን ተኩል ያህል ይመዝናል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ለመነሳት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል። ከዚያ ላሊበላ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ኮምቦልቻ አለ፤ ሁሉም ከ1,800 ሜትር በላይ፣ የብዙዎቹ ዙሪያ ተራራ፣ በክረምት ደመናው የተራራውን ጫፍ የሚውጥበት። አንድ አብራሪ በአንድ ቀን አራት ጊዜ ተነስቶ አራት ጊዜ ሊያርፍ ይችላል። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ያለ ማረፍ 13 ሰዓት ገደማ የሚበርረው ጄት የሚያርፈው አንዴ ነው፤ ያቺንም ማረፊያ ተለዋጭ አብራሪዎች ይጋሯታል። እጅ የሚፈታው የትኛው ነው ቢባል መልሱ ግልጽ ነው።

ቀጣሪው ግን ማረፊያ አይቆጥርም። የበረራ መዝገቡን፣ ሎግቡኩን፣ ገልጦ የሚያየው ስንት ሰዓት፣ በስንት ቶን፣ በጄት ወይስ በፕሮፔለር የሚለውን ነው። በፕሮፔለር የተቆጠረ ሰዓት በብዙ ቦታ ከጄቱ ሰዓት ዝቅ ብሎ ይመዘናል። ከላሊበላ ተራሮች መሐል በነፋስ ሲወርድ የኖረ ልጅ በወረቀት ላይ በአውቶፓይለት ውቅያኖስ ካቋረጠው አንሶ ይታያል። ፍትሐዊ አይደለም፤ ገበያው ግን የሚሠራው በዚህ ነው።

ሌላም አለ፣ ስለ ሰላም። ሰዓት የሚቆጠረው መዳረሻ ሲኖር ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ላሊበላና ኮምቦልቻ ሲደርስ በረራ ተቋርጦ ነበር። ወደ መቀሌ የሚደረገው በረራ ከረጅም መቋረጥ በኋላ የተመለሰው ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። የአገር ውስጥ በራሪ የሥራ ዕድገቱ ከአገሩ ሰላም ጋር እንዲህ ተቆራኝቷል፤ ዶሃ ያለው ጓደኛው ይህ ሐሳብ የለበትም።

ደመወዙንም ማለፍ አይቻልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከ60 በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በብር የሚከፈለው ሰው ሌሊቱን ደኸየ። በኤምሬቶችና በኳታር ከደመወዝ ላይ የሥራ ግብር አይቆረጥም፤ እዚህ ትልቁ ተመን 35 በመቶ ነው። እዚያ የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ አብሮ ሊመጣ ይችላል። እናቱ መሐል ሜዳ ያለች ልጅ ይህን አይቶ ባይፈተን ነው የሚገርመኝ።

እዚያ ያለው መኖሪያ ፈቃድ ግን ከሥራው ጋር የታሰረ ነው፤ ሥራው ሲሄድ አገሩም ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ኤምሬትስ በመቶዎች የሚቆጠሩ አብራሪዎቹን አሰናበተ። ቻይና ውስጥ በወፍራም ደመወዝ ተቀጥረው የነበሩ የውጭ ካፒቴኖችም በገፍ ወደየአገራቸው ተመለሱ። በዚያው ወቅት የእኛው አየር መንገድ የመንገደኛ አውሮፕላኖቹን ወንበር እያወጣ ጭነት ጭኖባቸው ሥራውን ቀጠለ። ያኔ የቀሩት አልተቆጩም።

አሜሪካም ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም። እዚያ አነስተኛ አየር መንገዶች ለትልልቆቹ እንደ መሸጋገሪያ ያገለግላሉ። እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 2009 ቡፋሎ አጠገብ የወደቀውና 50 ሰው የገደለው የኮልጋን አየር መንገድ አውሮፕላን እኛው የምናበርረው ዓይነት ኪው 400 ነበር። ምርመራው የአብራሪዎቹን ድካም፣ የደመወዙን ማነስ፣ ከሥራ ቦታ ርቆ የመኖሩን ጣጣ አደባባይ አወጣው። ከዚያ በኋላ በወጣው ሕግ መሠረት አንድ ረዳት አብራሪ በአብዛኛው 1,500 ሰዓት ሳይሞላ የመንገደኛ አየር መንገድ ውስጥ መቀመጥ አልቻለም። ቀጥሎ የአብራሪ እጥረት ተከተለ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካን ኤርላይንስ ንብረት የሆኑት ትንንሾቹ ድርጅቶች ደመወዛቸውን ከፍ አደረጉ። ደመወዝ በልመና አይጨምርም፤ የሚጨምረው አብራሪ ሲጠፋ ነው።

ቦይንግ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ትንበያ በ20 ዓመት ውስጥ ዓለም 674,000 አዳዲስ አብራሪዎች ያስፈልጓታል። ትንበያው አውሮፕላን ከሚሸጥ ድርጅት የመጣ ነውና በጥንቃቄ ይነበብ። የእኛውን ግን ማየት ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ዱባይ ላይ አየር መንገዱ 11 ድሪምላይነር፣ 20 ቦይንግ 737 ማክስ እና 11 ኤርባስ ኤ350 ለማዘዝ ተስማማ። ረጅም ርቀት የሚበር አንድ ትልቅ አውሮፕላን ዓመቱን ሙሉ ለማሠራት ከአሥር በላይ አብራሪዎች ይፈልጋል። ይህ ማለት የግራው ወንበር እዚሁ ይበዛል ማለት ነው። ድሮም የሚያድግ ቤት ልጆቹን ቶሎ ያሳድጋል፤ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ከሌሎች 156 ሰዎች ጋር ያለፈው ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው በ29 ዓመቱ ከ8,000 ሰዓት በላይ የበረረ ካፒቴን ነበር። በሌላ ቤት በዚያ ዕድሜ ገና በቀኝ ወንበር የሚቀመጡ ብዙ ናቸው።

ስለዚህ ውሳኔዬ ይህ ነው። ገና በቀኝ ወንበር ያለ የኪው 400 ረዳት አብራሪ መሄድ የለበትም። ርካሽ በሆነበት ሰዓት ራሱን ይሸጣል፤ ደመወዙ ያድግለታል፣ ካፒቴንነቱ ግን ይርቀዋል። በጄት ላይ ካፒቴን ሆኖ ጥቂት ዓመታት የሠራ፣ ዕዳው የተዘጋ፣ ልጆች ያሉት ሰው ግን ቢሄድ ማንም ሊወቅሰው አይገባም። መሐል ላይ ያለው፣ ኪው 400 ላይ ካፒቴን የሆነው፣ ከሁሉ ይልቅ ይቸገራል፤ እኔ ቆይ እለዋለሁ፣ ጄቱን እስኪያይ።

ለአየር መንገዱም የሚባል አለ። በውል ማሰር ብቻውን ሰው አያቆይም፤ የበር መዝጊያ ነው እንጂ የቤት ማሞቂያ አይደለም። የወጣ ሰው የሚመለስበት መንገድ መኖር አለበት። አቶ ግርማ ዋቄን እናስታውስ፤ አብራሪ አልነበሩም፣ ግን ከረጅም አገልግሎት በኋላ ከአየር መንገዱ ወጥተው ገልፍ ኤርና ዲኤችኤል ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነው ተመለሱ፣ ድርጅቱንም በፍጥነት አሳደጉ። በኋላም የሩዋንድኤር የቦርድ ሊቀመንበር ሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የእኛው ቦርድ ሊቀመንበር። ውጭ ያዩት ለቤት ጠቀመ። ድርጅቱ ራሱ ሎሜ ባለው አስካይና በማላዊ አየር መንገድ በኩል አብራሪዎቹን ውጭ ያሠራል፤ እንግዲያው «አምስት ዓመት ቆይተህ ከተመለስክ ተራህን ግማሹን እናስብልሃለን» ማለት ምን ያቅተዋል?

ለመሄድ የወሰነ ሰው አንድ ሁለት ነገር ይያዝ። ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ደመወዝ ከመጠየቁ በፊት ባለፉት ሦስት ዓመታት ከውጭ የገቡት ረዳት አብራሪዎች ስንቶቹ ካፒቴን እንደሆኑ ይጠይቅ፤ በጽሑፍ ካልሰጡት ይጠርጥር። የጤና ፈቃዱን ያድስ። የፈቃዱንና የበረራ ሰዓቱን ማረጋገጫ ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በእጁ ሳያስገባ የመልቀቂያ ደብዳቤ አያስገባ፤ የውጭው ተቆጣጣሪ ያለዚያ ወረቀት ፈቃዱን አይቀበለውም።