የመላጫ ሳሙና አረፋና የሼክ ዑስማን ውሃ

በኤደን ከተማ ሰሜናዊ መግቢያ የምትገኘው ሼክ ዑስማን ከጥንት የምትታወቀው በጉድጓድ ውሃዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1867 ውሃው በቦይ ወደ ኤደን እንዲወርድ ተደረገ፤ እንግሊዞችም በ1882 ስፍራውን ከላሕጅ ሱልጣን ገዙት። የመላጫ ሳሙናን ጥራት ለሚመዝን ሰውም ጉዳዩ የሚጀምረው ከውሃው ነው።

በባሕር ዳርቻ ያለ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ጨውና ኖራ ይበዛበታል። ኖራው ከሳሙናው ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሆናል፤ አረፋውም ሳይወፍር ይከስማል። ውሃውን ማፍላት ኖራውን በከፊል ይቀንሳል እንጂ ጨውን አያስወግድም። የኮኮናት ዘይት ሳሙና በባሕር ውሃ እንኳ ያረፋል፤ ነገር ግን አረፋው ቶሎ ይፈርሳል፣ ደረቅ ቆዳንም ያሻክራል።

ስለዚህ የአረፋ ብዛት አያታልል። ቆዳን የሚያሳይ ትልልቅ አረፋ ውሃ አይዝም፤ ምላጩም ፊትን ይፍቃል። ከሞራ በሚገኝ ስቴሪክ አሲድና በፖታሽ የተሠራ ሳሙና ግን እርጎ የመሰለ፣ ለደቂቃዎች የሚቆይ አረፋ ይሰጣል።

ሽታው ደግሞ በደረቁ አይፈረድበትም። ዕጣንና ከርቤ ሲሸጥባት በኖረች ወደብ አፍንጫ መራጭ ቢሆን አይገርምም፤ ሆኖም ሱቅ ውስጥ የሚያውድ ሳሙና ሲረጥብ ሌላ ጠረን ሊያመጣ ይችላል። ትክክለኛው ፈተና ፊት ከታጠበ በኋላ የሚቀረው መዓዛ ነው። በሙቀት በላበ፣ ምላጭ በነካው ቆዳ ላይ ጠንካራ ሽቶ ያቃጥላል፤ ለስሱ ቆዳ ሽታ አልባው ይመረጣል።

ጨው አልባ ውሃ ውድ በሆነበት ቤት አንድ ሲኒ ለአረፋው ማስቀረት ይበቃል፤ ማለቅለቂያው የጉድጓዱ ውሃ ሊሆን ይችላል።